ለነፍስ ሲሰጥ ያለ ስም አይሰጥም

እኔ ስልክ ሠሪ ነኝ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ከአንድ ሆቴል ጀርባ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ መሰኪያ እበይዳለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ። አገሩ ሁሉ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ቶክን የሚሉትን የኢንተርኔት ሳንቲም የሚለቅምበት ያ ወረት ሲመጣ ግን ሳላስበው ሌላ ሥራ ተጨመረብኝ። "ቶክኑ ገብቶልኛል፣ እንዴት ልቀይረው?" "ስዋፕ እምቢ አለኝ።" "ጋዝ የለህም ይለኛል፣ የምን ጋዝ ነው?" ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ ይመጣሉ። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ደግሞ አላህ ለሰው ሲያድል እኔ ጋ ሲደርስ ያለቀ ይመስለኛል። "ወንድሜ፣ እኔ ባንክ አይደለሁም፣ በቃ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ እሠራለሁ። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ጩኸቴን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም።

ወረቱን ወደ ሰፈራችን ያመጣው አብሮ አደጌ ነው። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ የነሱ በር ከእኛ በር ፊት ለፊት ነበር። እናቴ መርካቶ ስትውል እኔን የሚያበሉኝ የሱ እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። በዓል ሲመጣ ለእኛ ቤት ብለው ሙስሊም ያረደው ዶሮ በሌላ ድስት ለይተው ይሠሩልን ነበር። አባቱ ገና ልጆች ሳለን ነው የሞቱት፤ ከዚያ በኋላ እትዬና እሱ ብቻቸውን ኖሩ።

አብሮ አደጌ የሰው ቪትዝ በኮንትራት ይነዳ ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ሰው ሲጠብቅ ይጠቀጥቃል፤ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ ይጠቀጥቃል፤ ምሳ እየበላን በግራ እጁ ይጠቀጥቃል። እትዬ ይናደዱ ነበር። "ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትወጋው?" ይሉታል። "እማዬ፣ ቤት ልገዛልሽ እኮ ነው" ይላቸዋል እየሳቀ። እኔ ደግሞ "በዚህ አያያዝህ የውሻ ቤትም አትገዛ" እለዋለሁ። ሆኖም ቶክኑ አንድ ቀን እውነትም መጣ። የዚያን ቀን ሱቄ ድረስ እየሮጠ መጥቶ አሳየኝ። "አሁን ሽጠው" አልኩት። "ይጨምራል፣ ትንሽ ልጠብቀው" አለ። እንደሱ ያለው ሁሉ ያን ጊዜ እየጠበቀ ነበር፤ ቶክኑ ደግሞ በየሳምንቱ እየወረደ ነበር።

አንድ ሰሞን ጎኔን አለ። እኛ የወንበር ነገር ነው ብለን አሾፍንበት። ሲብስበት ሆስፒታል ገባ፤ የሚከፈለው ተከፈለ፣ የሚወጋው ተወጋ፣ አልተረፈም። ቂርቆስ ነው የተቀበረው። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጬ ነበር። ወላሂ፣ የአባቴን ሞት እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩትም።

ለቅሶው የተለየ ለቅሶ ነበር። ሰፈሩ እንደሚፈርስ ተነግሮናል፣ ግድግዳችን ላይ ምልክቱ ተቀብቷል። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ግማሽ ዕቃውን ጠቅልሎ የመጣ ነው። አንዱ ስለ ሟቹ እያወራ መሃል ላይ "እናንተስ ምትክ ቤት የት ደረሳችሁ?" ብሎ ሌላውን ይጠይቃል። እትዬ ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር።

ለቅሶው ተነሥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ እትዬ ሱቄ መጡ። ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል። ከብብታቸው የልጃቸውን ስልክ አወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው የያዙት።

"እዚህ ውስጥ የልጄ ላብ አለ" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"አርባውን በዚህ ላውጣለት። ተዝካሩን።"

እድሩ አለ፣ እኛም አለን ልል ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"እድሩ አለ፣ አውቃለሁ። እናንተም ትሰጡኛላችሁ። ልጄ ግን በሕይወቱ የሰው እጅ አላየም፤ ሞቶም አያይም። ተዝካሩ ከገዛ ላቡ ይውጣ። ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም። ከአርባው በኋላ ደግሞ ይሄ ጎረቤት ማን የት እንደሚወድቅ አይታወቅም፤ አንድ ላይ የምንቀመጥበት የመጨረሻው ነው።"

እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? እጄን ዘርግቼ ስልኩን ለመቀበል ስል ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት።

"አይ። ይሄ ከእጄ አይወጣም። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እነካለሁ።"

ሥራችን በዚህ መልክ ተጀመረ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ በትከሻቸው ላይ አያለሁ። መክፈቻውን ያውቁታል፤ እንዳይረሱት ብሎ አንዱን ቁጥር ደጋግሞ ነበር ያደረገላቸው። ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምረዋል፣ እንግሊዝኛው ግን አይገባቸውም።

"ሰማያዊውን ይንኩ፣ እትዬ።"

"የቱን ሰማያዊ?"

"የታችኛውን።"

"ሁለት የታችኛ አለ እኮ።"

"ኧረ በአላህ! የቀኙን!"

"አትጩህብኝ፣ ሐዘንተኛ ነኝ።"

የቀኙን ነኩ። ቶክኑ እዚያው አለ፤ ስዋፕ የሚለው መለወጫ ቁልፍ ግን ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ በቀይ "በቂ ጋዝ የለም" የሚል ነገር ጽፏል። የፈራሁት እሱን ነበር። አብሮ አደጌ ቶክኑን ሲሰበስብ ከርሞ ማንቀሳቀሻውን ጭራሽ አልገዛም።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ጋዝ የለውም ይላል።"

"የምን ጋዝ? የቡታ?"

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። "ይኸውልዎት" አልኩ፣ "ታክሲ ውስጥ ትልቅ ቼክ ይዘው ቢገቡ ረዳቱ ምን ይልዎታል?"

"ዝርዝር አምጪ።"

"በቃ፣ ይሄም እንደሱ ነው። ቶክኑ ቼኩ ነው፣ ጋዙ ዝርዝሩ ነው። ያለ ዝርዝር ከቆመበት አይንቀሳቀስም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሀብት ይዞ ታክሲ ያጣ ልጅ" አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ጋዙን ኡራኤል አካባቢ ከሚሸጥ ከማውቀው ሰው ገዛሁላቸው። ሰውየው ላክሁ አለ፣ እኛ ስናይ የለም። አልላክህም፣ ልኬያለሁ ተባባልን፤ ልደባደብ ምንም አልቀረኝ። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ሳንቲሙ በሌላ መስመር ነው የገባው። ስሙ አንድ ነው፤ መስመሩ ግን የዚያ ቶክን መስመር አይደለም። ቦሌ ለሚሄድ ሰው የመገናኛ ታክሲ እንደ መክፈል ነው። ሌላ ቀን፣ ሌላ ጋዝ፣ በትክክለኛው መስመር ተላከ። እትዬ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ሱቁ ጎን ያለው ቤት ጣሪያው እየተነሣ ነው፣ አቧራው በር ድረስ ይገባል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ።

ጋዙ ሲገባ ስዋፑ አረንጓዴ ሆነ። "ይንኩት" አልኳቸው። ነኩት። ትንሽ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ "አልተሳካም" አለ። ጋዙም ጎደለ።

"ምን ሆነ?"

"ዋጋው መሃል ላይ ተነቃነቀ። ቶክኑ እየወረደ ስለሆነ እኛ ባልነው ዋጋ አልያዘውም፤ ተወው።"

"ጋዙስ የት ሄደ?"

"ጋዙ ይበላል፣ እትዬ። ባይሳካም ይበላል።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ሳይሠራ ይከፈላል?"

"አዎ።"

"ልጄንም ሳይድን አስከፍለውኛል" አሉ። "የዚህ ዓለም ሕግ እንደዚህ ነው ማለት ነው።"

ውጭ ወጥቼ አንዱን መኪናውን በሬ ላይ ያቆመ ሰውዬ ያለጥፋቱ ሰደብኩት፤ ከዚያ ተመልሼ ገባሁ። ዋጋው ሲነቃነቅ እንታገሣለን የምንለውን ልክ ትንሽ ከፍ አደረግን፣ ቶክኑንም በአንዴ ሳይሆን ቆራርሰን ሞከርን። አንዱ ተሳካ። ሌላውም ተሳካ። መጨረሻው ሲሳካ እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፁ ገና ከጉሮሯቸው ሳይወጣ ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እንደዚያ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የተጀመረው እልልታ እጃቸው ሥር ወደ ለቅሶ ተቀየረ፤ እኔም አላስቻለኝም።

የመጣው ገንዘብ አብሮ አደጌ ሲያልመው የነበረው አልነበረም። ቶክኑ ከከፍታው ወርዶ ወርዶ ነው የቀየርነው። ግን ለተዝካር ይበቃ ነበር፤ በግ፣ ጠላ፣ ድንኳን፣ ለካህናቱም የሚሰጠው። "ለአንተና ለእናትህ ደግሞ ሙስሊም የሚያርደው ሌላ በግ" አሉኝ፣ አሁኑኑ ገበያ እንደሚሄዱ ሁሉ። ከቶክኑ የተረፈችውን ትንሽ ቁራሽ ወደ ጋዝ ሳንቲሙ ቀየርናት፣ ለመላኪያ። የተገዛው ጋዝ ሁሉ ከዚያች ቅየራ ጋር አልቆ ስለነበር ከዚያ በኋላ በዋሌቱ፣ ማለትም በስልኩ ቦርሳ ውስጥ የነበረው ጋዝ የራሱ የልጁ ነው ማለት ነው።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ቶክኑን የቀየርንበትን ዶላር መሰል ሳንቲም በብር የሚገዛ ሰው አግኝቼ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ከማላውቀው ዋሌት አልቀበልም፣ በትልቁ የኢንተርኔት ገበያ በኩል ይሁን አለ። እኔ እዚያ ገበያ ውስጥ መለያ አለኝ። ስለዚህ ከእትዬ ዋሌት ወደ እኔ መለያ ይላካል፣ እኔ እሸጠዋለሁ፣ ብሩን አመጣላቸዋለሁ። አሁኑኑ እንላከው ስላቸው እምቢ አሉ።

"ለነፍስ የሚሰጥ ገንዘብ በዘፈቀደ አይላክም። ነገ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ እህል ሳልቀምስ፣ ጠዋት እልከዋለሁ። አሁን እጄ ለምዶታል።"

በማግስቱ የሱቄ ቆርቆሮ የሚነሣበት ቀን ነበር፤ ቂርቆስ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ዕቃዬን እያጋዝኩ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በመልእክት ላክሁላቸው፤ የገበያውን ረጅም አድራሻና የእኔን መለያ አጭር ቁጥር። "ረጅሙን ከላይ ይለጥፉ፤ ከሥሩ ባለው ሳጥን አጭሯን ይጻፉ" ብዬ በስልክም ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ።

ጠዋት አይሱዙው ላይ ዕቃ እየጫንኩ ሳለ ደወሉ። ድምፃቸው ከቀብሩ ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነበር፣ እፎይ ያለ ሰው ድምፅ።

"ላክሁት! ብቻዬን ላክሁት! ሄዷል ይላል።"

"እግርዎን ልሳም፣ እትዬ!" አልኳቸው ከልቤ።

ከሰዓት በኋላ መለያዬን ባይ ምንም የለም። ቆይቼ አየሁ፣ የለም። የተላከ ሁሉ በሚጻፍበት የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ዝውውሩን ራሱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ገንዘቡ በትክክለኛው መስመር፣ በትክክለኛው አድራሻ ሄዷል፣ ደርሷል። ከሥሩ ሳጥን ውስጥ ግን ቁጥሬ የለችም። በአማርኛ ፊደል አንድ የማላውቀው ስም ተጽፏል፤ ቀጥሎ "ልጄን አደራ" ይላል።

ያ ገበያ የሰዉን ሁሉ ገንዘብ የሚያስገባው አንድ ጎተራ ውስጥ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚለየው በዚያች አጭር ቁጥር ብቻ ነው። ምልክት ሳይደረግበት ወፍጮ ቤት የተሰጠ ጆንያ አስቡ፤ እህሉ ከሰዉ እህል ጋር ተቀላቅሎ ተፈጭቷል። ቆርቆሮው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ጫኚዎቹ "ወንድም፣ ተነሣ እንጂ፣ ይሄም ይጫናል" ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

ለገበያው ሰዎች ጻፍኩ። "ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣልኝ፤ ትዕግሥት ያለኝ ከየት አገኘው? ማሽን ነው። ሰው አምጣልኝ አልኩት። ሌላ ማሽን አመጣ። የዋሌቱን ፎቶ ላክ አለኝ፣ ቪዲዮ ላክ አለኝ፣ መታወቂያህን ይዘህ ፊትህን አሳይ አለኝ። ሁሉንም አደረግሁ። በመጨረሻ ያለ ቁጥር የገባ ገንዘብ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ አንችልም፣ ይህን ያህል ለሆነ ገንዘብም ፍለጋ አንገባም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል አለኝ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጥኛ፣ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። "አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?" ብሎ ኮከብ እንድሰጠው ጠየቀኝ።

በዚያው ሳምንት የእትዬ ቤትም ፈረሰ። የደረሳቸው ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ጎረቤቱን ከዚህ በፊት አይተውት አያውቁም። አርባው ደግሞ እየደረሰ ነው። እኔ ሐሳብ አስቤ ነበር። ከራሴ፣ ከሰፈሩ ልጆችም ሰብስቤ፣ "ይኸው የልጅዎ ላብ ተሸጠ" ብዬ ልሰጣቸው። ወንጀል አይደለም። አላህም ይቅር የሚለው ውሸት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ብሩን በፖስታ አድርጌ ሄድኩ። ደረጃውን ወጥቼ ሳንኳኳ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ቤቱ ውስጥ ገና ያልተፈቱ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል፣ የልጁ ፎቶ ግን ተሰቅሏል። ፖስታውን ዘረጋሁ። እጃቸውን አልዘረጉም።

"ስሙ ደረሰ?" አሉኝ።

"የቱ ስም?"

"የጻፍኩት ስም ነዋ! የክርስትና ስሙን ከታች ጽፌ ነው እኮ የላክሁት። ገንዘቡን እኮ አልጠየቅሁህም፤ ስሙ ደርሷል ወይ?"

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። "ቁጥሯን እኮ ጻፉ ብዬዎት ነበር፣ እትዬ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"ቁጥርማ ከላይ አለ አይደል? እንደ ባቡር የረዘመ ቁጥር። ምን ያደርጋል ሌላ ቁጥር? ለነፍስ ሲሰጥ ያለ ስም አይሰጥም፣ ልጄ። ካህኑ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት የክርስትና ስሙን ማን ልበል ብሎ ይጠይቃል። ስም ካልተባለ ለማን ይደርሳል? ባዶ ሳጥን አየሁ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ አልኩ።"

ፖስታው እጄ ላይ እንዳለ ውሸቱ ከአፌ ጠፋ። የማልዋሽ ሆኜ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝ። እዚያ ፎቶ ሥር፣ እነዚያን ዓይኖች እያየሁ ግን አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ገንዘቡ መሄዱን፣ መድረሱን፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ እንደሌለ፣ እንደማይመለስ።

አላለቀሱም። "የሱ ላብ ሁሉ?" አሉ።

"ሁሉም፣ እትዬ።"

"እና ይሄ የያዝከው የማን ነው?"

"የኛ።"

"ለልጆችህ ውሰደው።" ፖስታውን ወደ እኔ ገፉት። "ስሙንስ? እሱንም በሉት?"

"ስሙ አለ" አልኩ። "ስሙ አይጠፋም። እዚያ መዝገብ ላይ አንዴ የተጻፈ ነገር ማንም አያጠፋውም፤ ገበያውም፣ እኔም፣ እርስዎም።" ከስልኬ ዝውውሩን አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። በጣታቸው ፊደሉን እየነኩ በዝግታ አነበቡት።

"ሰው ያየዋል?"

እዚህ ላይ ፈራሁ። የክርስትና ስም እንደማይነገር አውቃለሁ፤ አንድ ግቢ አብረን አድገን የአብሮ አደጌን የክርስትና ስም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እትዬ መተት ይፈሩ ነበር፤ ለጎረቤት እንኳ አልነገሩም። "ማንም ሰው ያየዋል" አልኩ። "በዓለም ላይ ያለ ሁሉ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ይየው። ከእንግዲህ ማን ምን ያደርገዋል" አሉ። "ስደብቀው የኖርኩት እንዳይሞትብኝ ነበር።"

ያኔ ነው ድምፃቸውን አውጥተው ያለቀሱት። እኔም አብሬ። ሲበርድላቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "እንግዲያ ተዝካሩ ወጥቷል በለኛ" አሉኝ። "ላቡን ሁሉ በስሙ ሰጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ተዝካር አለ?"

በአርባው ቀን ቂርቆስ ደጃፍ ንፍሮና ዳቦ ብቻ ነበር። ሰው ግን ከየተበተነበት፣ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ መጣ። እድሩ ድንኳን ልጣል ቢል እምቢ አሉ። ካህናቱ ጸሎቱን ሲያደርሱ እኔ ከአጥሩ ሥር፣ በቀብሩ ቀን በተቀመጥኩበት፣ የዳቦውን ቅርጫት ይዤ ነበር። የቀድሞው ጎረቤት ተቃቅፎ ተላቀሰ፣ ስልክ ተቀያየረ፣ ተበተነ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እትዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"ያ ጋዝ የምትለው ነገር አልቋል?"

"ትንሽ ቀርቷል።"

"ያንተ ነው የሱ?"

"የሱ ነው። ከቶክኑ የቀየርነው።"

"ስም ያስጽፋል?"

ገባኝ። ለማንም ሳይላክ፣ ኢምንት ነገር ወደ ራሱ ወደ ዋሌቱ ቢላክ ጋዙ ብቻ ይቆረጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ይቀመጣል። እንደሚያስጽፍ ነገርኳቸው። ስልኩን ከብብታቸው አወጡና የባላቸውን የክርስትና ስም በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። እኔ አላየሁም፤ ፊቴን አዞርኩ። ሲጨርሱ "ስንት ስም ቀረው?" አሉ።

አየሁት። "ለአንድ ይበቃል። ግን እኔ እጨምርበታለሁ፣ እትዬ፣ ጋዝ ምን ችግር አለው..."

"አትጨምርበት! ካንተ አይደለም የምፈልገው፣ ከሱ ነው።" ከዚያ ያን ከእጄ አይወጣም ያሉትን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጡት። ከነጠላው ጫፍ ጋር ነበር የሰጡኝ፤ ነጠላውን ቀስ ብለው መልሰው ጎተቱት። "አንዱ የኔ ነው። አሁን አትጻፍ፤ ቀኑ ሲደርስ። ሌላ የሚጽፍልኝ የለኝም።"

"እትዬ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። አደራ ትጠብቃለህ።"

ጎንበስ ብለው በጆሮዬ የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። ከንስሐ አባታቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስልኩ አሁን ቂርቆስ ባለችው ክፍሌ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባትሪው እንዳያብጥ እያልኩ አልፎ አልፎ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ዋሌቱን ከፍቼ ያቺን ቁራጭ ጋዝ አይቼ እዘጋዋለሁ። እትዬ ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ ይደውሉልኛል። የኔን ጤንነት፣ የልጆቼን፣ የእናቴን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ።

"አለ?" ይሉኛል።

"አለ፣ እትዬ።"

"ተመስገን" ይላሉ። እኔ ደግሞ ስልኩን ዘግቼ ያ ጋዝ ሳይነካ፣ የእትዬም ቀን ሳይደርስ እንዲቆይ አላህን እለምናለሁ፤ እሳቸው ግን ልጃቸው ወደ ራሱ የከፈለላቸው መንገድ ስለሆነ እንደቸኮሉ ድምፃቸው ያስታውቃል።